የዕዳ መዝገብና የፈረሰ መሠዊያ፤ ስለ ጄኔራል ሳልቫዶር አልቫራዶ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

በአዲስ አበባ ከተማ ሜክሲኮ አደባባይ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ በየቀኑ የሚያልፈው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ስሙ ስለ ምን እንደ ተሰጠ የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ የሜክሲኮ መንግሥት በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ወረራውን ተቃውሞ ስለ ቆመ፥ ኢትዮጵያም ይህን ውለታ ስላልረሳች ነው። በዚያን ጊዜ የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት የነበረው ላሳሮ ካርዴናስ አስቀድሞ የአብዮት ወታደር፥ ቀጥሎም የሚቾአካን ክፍለ ሀገር ገዢ የነበረ ሰው ነው። ያች አገር በዚያ ዘመን ጠመንጃ ይዘው ተነሥተው በኋላ ማኅተም ይዘው የተቀመጡ እንዲህ ያሉ ሰዎች በብዛት አፍርታለች። ዛሬ የምንናገረው ከካርዴናስ ቀድሞ በዚህ መንገድ ስለ ሄደው ስለ ጄኔራል ሳልቫዶር አልቫራዶ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ይህን ሰው በዚህ ገጽ እንድናነሣው ያደረገን የገዛ ራሱ ጽሑፍ ነው። አልቫራዶ ከ1915 እስከ 1918 ድረስ ዩካታን በሚባለው የሜክሲኮ ክፍለ ሀገር አገረ ገዢና የጦር አዛዥ ሆኖ ከሠራ በኋላ፥ በዩካታን ስለ ፈጸመው የአብዮት ሥራ የሚናገር መጽሐፍ አሳትሟል። በ1919ም ስለ ሜክሲኮ እንደገና መታነጽ የሚናገር ሌላ ሰፊ መጽሐፍ አውጥቷል። ከእርሱ ወዲህ ስለ እርሱ የጻፉ ብዙዎች ናቸው። ወዳጆቹ የጻፉት እንደ ገድል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የጻፉት ደግሞ እንደ ሰቆቃ ነው። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጊልበርት ጆሴፍ በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ከሁለቱም ርቆ ነገሩን በገበያና በመዝገብ መርምሮታል፤ የመጽሐፉም ስም ‹ከውጭ የመጣ አብዮት› እንደ ማለት ነው። እኛም ይህን ሁሉ አይተን አንድ ጥያቄ ቀረልን። የድኻውን የዕዳ መዝገብ የዘጋ እጅ በዚያው ዓመት የቤተ መቅደሱን ደጅ ቢዘጋ፥ የዚያ ሰው ታሪክ እንዴት ሆኖ መጻፍ ይገባዋል?

ሰውየው በ1880 በሲናሎአ ክፍለ ሀገር በኩሊያካን ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ቤተ ሰቦቹ በሄዱበት በሶኖራ፥ ያኪ የሚባሉት ነባር ነገዶች በሚኖሩበት ሸለቆ ነው። ጐልማሳ ሲሆን በጓይማስ ወደብ በመድኃኒት ቤት ሠራ፤ ከዚያም የመዳብ ማዕድን በሚወጣበት በካናኔያ ነገደ። መጽሐፎቹን ያነበበ ሰው ይህ የመድኃኒት ቤት ልማድ በጄኔራልነቱም ጊዜ እንዳልለቀቀው ያያል፤ ሕዝቡን እንደ በሽተኛ፥ ሕጉን እንደ መድኃኒት፥ ራሱንም እንደ ቀማሚ አድርጎ ይናገራል። በ1910 ፍራንሲስኮ ማዴሮ በአረጋዊው ገዢ በፖርፊሪዮ ዲያስ ላይ በተነሣ ጊዜ አልቫራዶ ከተነሡት ወገን ሆነ። በ1913 ማዴሮ ከተገደለ በኋላም ሥልጣኑን የነጠቀውን ጄኔራል ሁዌርታን በሶኖራ ግንባር ተዋጋ፤ በዚያም እስከ ጄኔራልነት ደረሰ። ስለ ጦርነቱ ከዚህ በላይ መተረክ አያስፈልገንም፤ እንዲህ ያለ የጦር ታሪክ ያላቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ በሜክሲኮ እጅግ ብዙ ነበሩ። አልቫራዶን ከእነርሱ የለየው ዩካታን ነው።

ዩካታን በባሕር መካከል የገባ ጠፍጣፋ የድንጋይ ምድር ነው። ከሕዝቡ የሚበዙት ጥንታውያን ከተሞችን የሠሩት የማያ ሰዎች ልጆች ናቸው። በዚያ ጭንጫ ላይ የሚበቅለው ተክል ሄኔኬን ይባላል፤ እኛ ቃጫ ከምንለው ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ፥ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የሾለ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የስንዴ ማጨጃ መኪና በተሠራ ጊዜ ነዶውን የሚያስርበት ገመድ አስፈለገው፤ ገመዱም የተገኘው ከዚህ ተክል ነው። ስለዚህ በሩቅ አገር ዳቦ በበዛ መጠን በዩካታን ቅጠል የሚቈርጠው ሰው ሥራ ይጸናበት ነበር። ገንዘቡን የሰበሰቡት ጥቂት ቤተ ሰቦች ናቸው። ከእነርሱም ዋናው ኦሌጋሪዮ ሞሊና የሚባለው ባለጠጋና ገዢ፥ ከአማቹ ከአቬሊኖ ሞንቴስ ጋር ነው። የሞሊና ቤት በ1902 ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የቃጫውን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ በስውር ተዋውሎ ነበር። ሕዝቡ እነዚህን ሰዎች ‹አምላካዊው ዘር› እያለ በፌዝ የሚጠራበት ስም በአገሩ እንዲሰፋ ያደረገው አልቫራዶ ነው።

የሠራተኛውን አኗኗር ለአንባቢ ለማስረዳት ገባር የሚለው የእኛ ቃል ሊረዳን ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም። ገባሩን የያዘው መሬቱ ነበር፤ የዩካታኑን ሠራተኛ የያዘው መዝገብ ነው። በየእርሻው ሁለት ዓይነት ዕዳ ይጻፍ ነበር። አንደኛው በማያ ቋንቋ ‹ቺቻን ኩዌንታ›፥ ማለት ትንሹ ሒሳብ ይባላል፤ ይህም በእርሻው ሱቅ በየዕለቱ ለሚወሰደው በቆሎና ጨርቅ የሚያዝ ነው። ሁለተኛው ‹ኖሆች ኩዌንታ›፥ ማለት ትልቁ ሒሳብ ነው። ትልቁ ሒሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ወጣቱ ሚስት ሲያገባ ነው፤ ጌታው ለሠርጉ ያበድረዋል፥ ያም ብድር ተከፍሎ አያልቅም። ዕዳውን ሳይከፍል ከእርሻው ቢወጣ ተይዞ ይመለሳል፤ ይገረፋልም። እርሻው ለሌላ ሲሸጥ የሠራተኞቹ ዕዳ ከመኪናውና ከከብቱ ጋር ተቈጥሮ ይሸጣል። በዲያስ ዘመን መጨረሻ ደግሞ መንግሥት ከሶኖራ ያኪዎችን እያፈሰ በመርከብ ወደዚህ ይሰድ ነበር። አልቫራዶ በልጅነቱ ያያቸው የነበሩትን ሰዎች ማለት ነው። ጆን ኬኔት ተርነር የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ ገዢ መስሎ ወደ እርሻዎቹ ገብቶ ያየውን ከ1909 ጀምሮ በጋዜጣ ቢያወጣ ዓለም ደነገጠ።

እዚህ ላይ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ የሆኑ አባቶቻችን ቆም ብለው እንዲመለከቱት የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ትልቁ ሒሳብ የተጀመረው በጋብቻ ነው አልን፤ ጋብቻውም የተባረከው በእርሻው ውስጥ በተሠራው ጸሎት ቤት ነው። ጸሎት ቤቱን ያሠራው ጌታው ነው፤ ካህኑንም ለበዓል የሚያስጠራው ጌታው ነው። እንግዲህ የሠራተኛው ልጅ ቅዱሱን ምሥጢር በተቀበለበት ቀን በባርነቱ ላይም ፈረመ ማለት ነው። ካህኑ ይህን አያውቅም ነበር ለማለት ያስቸግራል። የቤተ ክርስቲያን ወገኖች ስለ አልቫራዶ ሲጽፉ ታሪኩን በ1915 ከጥፋቱ ይጀምሩታል፤ ይህ የሠርግ ዕዳ ከጥፋቱ በፊት መቅደም ነበረበት። ሰቆቃ የሚጽፍ ሰው የራሱን ወገን ኃጢአት ካልጻፈ ኤርምያስን አልተከተለም።

በ1914 አገረ ገዢው ኤሌውቴሪዮ አቪላ የሠራተኞቹ ዕዳ ሁሉ እንዲሰረዝ አዋጅ አወጀ። ባለ እርሻዎቹ ጮኹ፤ አዋጁም ብዙ ሳይቆይ ላላ፥ በወረቀት ላይም ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት አቤል ኦርቲስ አርጉሜዶ የሚባል ኮሎኔል የጌቶቹን ድጋፍ ይዞ ሸፈተ። የአብዮቱ ዋና መሪ ቬኑስቲያኖ ካራንሳም አልቫራዶን ብዙ ሺህ ጦር አስይዞ ላከው። ብላንካ ፍሎርና ሃላቾ በሚባሉ ስፍራዎች ውጊያ ሆነ። አመፀኛው የክፍለ ሀገሩን ግምጃ ቤት ገንዘብ ይዞ ወደ ባሕር ማዶ ኮበለለ፤ የሜሪዳን ከተማ ለመከላከል የወጡት የደኅና ቤተ ሰብ ልጆች ግን በሃላቾ ተማረኩ። የአልቫራዶ ወታደሮች ምርኮኞቹን መረሸን ጀምረው ሳሉ አልቫራዶ ደርሶ ግድያውን አስቆመ። መጋቢት 19 ቀን 1915 ዋና ከተማው ሜሪዳ ሲገባ እናቶች በደጃፍ ቆመው የጠበቁት ገዳይ ሳይሆን ልጆቻቸውን ያተረፈላቸው ሰው ነበር። እነዚያ እናቶች አብዛኞቹ በመስከረም ወር ምን እንዳዩ በኋላ እንናገራለን።

ቀጥሎ በሦስት ዓመት የሠራውን ወዳጆቹ በደስታ ይቈጥሩታል፤ እውነትም የሚያስቈጥር ነው። የአቪላን አዋጅ ከወረቀት አውጥቶ በእርሻዎቹ ላይ ፈጸመው። ግርፋት ከለከለ። የሠራተኛ አቤቱታ ያለ ገንዘብ የሚሰሙ የወታደር ፍርድ ቤቶች አቆመ። በሀብታሞች ቤት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሴቶች ልጆች ነጻ እንዲወጡ ወይም ዋጋቸውን እንዲያገኙ አዘዘ። በታኅሣሥ 1915 የወጣው የሠራተኛ ሕጉ አስታራቂ ሸንጎዎችንና የግልግል ፍርድ ቤትን አቋቋመ፤ የመሬቱ፥ የግብሩ፥ የመሬት ምዝገባው፥ የከተማ አስተዳደሩና የሠራተኛው ሕግ አምስቱ በአንድነት ‹አምስቱ እኅቶች› ይባሉ ነበር። ትምህርት ቤት በየገጠሩ፥ በየእርሻውም ጭምር በብዙ መቶ ከፈተ። አረቄን ከለከለ። በጥር 1916 በሜሪዳ ቲያትር ቤት ከስድስት መቶ የሚበልጡ ሴቶች፥ አብዛኞቹ መምህራን፥ ስለ ሴት ትምህርትና መብት የተከራከሩበትን ጉባኤ ጠራ። በሜክሲኮ እንዲህ ያለ ጉባኤ ከዚያ በፊት አልነበረም። ሄርሚላ ጋሊንዶ የምትባለው ጸሐፊ ራሷ ሳትገኝ የላከችው ጽሑፍ ሲነበብ አዳራሹ በሁከት ተሞላ፤ ጽሑፉ ይቃጠል ያሉም ነበሩ። ጌታው የጠራቸው ሴቶች ከጌታው አሳብ ወጥተው እርስ በርሳቸው መከራከራቸው እንደ እኛ አስተያየት የጉባኤው ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ወደ አዳራሹ ለመግባት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያስፈልግ ነበርና፥ በእርሻው ያለችው የማያ ሴት አልገባችም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። አንድ አገረ ገዢ በራሱ አንደበት፥ ‹እኔ› እያለ፥ የድኻውን ዕዳ እንዴት እንደ ሰረዘ የጻፈው መጽሐፍ ለአንባቢዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት መካከል እንዲህ ያለ አለና። ነህምያን ማለታችን ነው። እርሱም ከሩቅ አገር በንጉሥ ተልኮ የመጣ ገዢ ነው፤ እርሱም የመጣባት ከተማ ባለጠጎች ወንድሞቻቸውን በዕዳ ይዘው፥ እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ወስደው ነበር። አልቫራዶን ከነህምያ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ለአልቫራዶ ክብር ነው እንጂ ነቀፋ አይደለም። ነገር ግን አጠገቡ ሲቀመጥ ልዩነቱ ይታያል።

በነህምያ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት የሚሰማው ጩኸት ነው፤ ሕዝቡና ሚስቶቻቸው ይናገራሉ፥ የተበደሩትን፥ ያስያዙትን፥ ያጡትን በየወገናቸው ይዘረዝራሉ። ገዢው የሚቈጣው ከሰማ በኋላ ነው፤ ከተቈጣም በኋላ በልቡ መክሮ ነው የሚናገረው። በአልቫራዶ መጽሐፍ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የማያው ሰው በዚያ ውስጥ ይገረፋል፥ ይፈታል፥ ይማራል፥ ይለብሳል፤ ግን ሲናገር እምብዛም አይሰማም። የመጽሐፉ ትልቁ የድርሰት ጉድለት ይህ ነው፤ የአስተዳደሩም ጉድለት ይኸው ነበር። ጸሐፊው ሕዝቡን ይወድ ነበር፤ በዚህ አንጠራጠርም። ይወደው የነበረው ግን ሊሆን የሚገባውን ሕዝብ ነው፤ ንጹሕ፥ የማይጠጣ፥ የሚቆጥብ፥ ከምስል ፊት የማይንበረከክ። ከፊቱ ያለውን ሕዝብ፥ ለቅዱሱ በዓል ያለውን ሁሉ አውጥቶ ርችት የሚገዛውን፥ እንደ ሕሙም ያየው ነበር።

ሁለተኛው ልዩነት ለእኛ ወገን ይከብዳል። ነህምያ ባለጠጎቹ ዕዳውን እንተዋለን ባሉ ጊዜ ካህናቱን ጠርቶ በእነርሱ ፊት አማላቸው። ቃሉን የጠበቀው መሠዊያው ነው ማለት ነው። አልቫራዶ ካህናትን ሊጠራ አልቻለም፤ ቢጠራቸው የመጡት ከጌቶቹ ማዕድ ተነሥተው ነበርና። ይህን ያደረጉት ካህናቱ ናቸው እንጂ እርሱ አይደለም። ከዚህ በመነሣት መሠዊያውን ራሱን የጌቶቹ ዕቃ አድርጎ መቍጠሩ ግን የእርሱ ነው።

የሜሪዳ ካቴድራል ሥራው በ1598 የተፈጸመ፥ በአሜሪካ ምድር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። በውስጡ ‹የቍስሉ ክርስቶስ› የሚባል የእንጨት ስቅለት ነበረ። እንደ አገሩ ሰዎች ትውፊት ይህ ስቅለት ኢችሙል በምትባል የማያዎች መንደር በሌሊት ሲነድ ከታየ ዛፍ የተቀረጸ ነው፤ በኋላ የነበረበት ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል እርሱ አልተቃጠለም፥ ገላው ብቻ በእሳቱ ጠቍሮ እንደ ሰው ቆዳ ውኃ ቋጠረ። ወደ ከተማው የመጣው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ጌቶቹም ባሮቹም በፊቱ ይሰግዱ ነበር። መስከረም 24 ቀን 1915 ብዙ ሕዝብ ወደ ካቴድራሉ ገብቶ መሠዊያውን ሰባበረ፥ ሥዕሎቹንና ምስሎቹን አወጣ፤ ከእሳት የተረፈው ያ ስቅለትም በዚያ ቀን ተቃጠለ። ሊቀ ጳጳሱ ማርቲን ትሪችለር ቀድሞ ወደ ኩባ ተሰድደው ነበር። ከዚያ በኋላ በክፍለ ሀገሩ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ካህናትም ተባረሩ። ከካቴድራሉ ጋር የተያያዘው የጳጳሱ ቤት ተለይቶ የጥበብና የትምህርት ማኅበር ቤት ሆነ፤ በመካከላቸው የነበረውም ቦታ ፈርሶ ‹የአብዮት መተላለፊያ› ተባለ።

ወዳጆቹ በዚህ ላይ ሁለት መልስ ይሰጣሉ። አንዱ፥ ያደረገው ሕዝቡ ነው እንጂ አገረ ገዢው አይደለም የሚል ነው። ይህ አይቆምም። አንድ ጠርሙስ አረቄ እንዳይሸጥ በየመንደሩ የሚጠብቅ መንግሥት፥ በመናገሻው አደባባይ ላይ ያለ ካቴድራል ሲዘረፍ አልደረስሁም ቢል የሚያምነው የለም። ሁለተኛው መልስ፥ ቤተ ክርስቲያን የጌቶች አጋር ስለ ነበረች ይገባታል የሚል ነው። ይህ መልስ ግማሽ እውነት ስላለበት ከፊተኛው ይከብዳል። ግን ስቅለቱ የማን ነበር? በኢችሙል ዛፉ ሲነድ ያዩት ማያዎች ናቸው በሚል ትውፊት የከበረ፥ ከተቃጠለም በኋላ ገላው ቍስል ያወጣ ምስል፥ የሚገረፍ ሕዝብ ምስል ነው። የጌቶቹ ንብረት በየእርሻው የነበረው መዝገብ ነው። ስቅለቱን የተቀሙት ድኾቹ ናቸው። አልቫራዶ ድኻውን ከዕዳው ሲፈታ ሳይጠይቀው ፈታው፤ ማንም አይነቅፈውም። የድኻውን ጸሎት ሲወስድበትም ሳይጠይቀው ወሰደ። ሁለቱ ሥራዎች ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸውና አንዱን ለገድል፥ ሁለተኛውን ለሰቆቃ ከፍሎ መጻፍ ሰውየውን ሁለት ማድረግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የሮማውያን ነው፥ ምን አገባን የሚል አንባቢ ቢኖር ግን ከእርሱ ጋር አንከራከርም።

ጆሴፍ ይህን ጕዳይ በእምነት በኩል አይመረምረውም፤ እርሱ የሚያየው ገበያውን ነው፤ በዚያ በኩል ግን ከሁሉ ይበልጣል። አልቫራዶ የቃጫውን ሽያጭ ከሞንቴስ እጅ አውጥቶ ለመንግሥት አደረገው፤ ባለ እርሻዎቹ ምርታቸውን ገበያውን ለሚቈጣጠረው የመንግሥት ኮሚሲዮን ብቻ እንዲሸጡ ተገደዱ። የአውሮፓ ጦርነት ስንዴን አስወደደ፤ የቃጫውም ዋጋ በ1915 ከነበረው እጅግ ከፍ ብሎ በ1918 ለአንድ ፓውንድ ወደ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ቀረበ። ትምህርት ቤቱ፥ ሐዲዱ፥ የተገዙት መርከቦች ሁሉ የቆሙት በዚህ ገንዘብ ላይ ነው። እርሻዎቹን ለሠራተኞቹ ማካፈል ግን አልደፈረም። ያሰበውን ያህል እንኳ ካራንሳ ከለከለው። በኅዳር 1918 ሰላም ሆነ፤ ሳይሸጥ የቀረው ቃጫ በመጋዘን ተከመረ፤ በ1919 ኮሚሲዮኑ ፈርሶ ሒሳቡ ተዘጋ። ጆሴፍ እንደሚያሳየው ነጻነቱ ራሱ በሩቅ አገር በስንዴ ዋጋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኛም ይህን አምነን ተቀብለናል፤ ብቻ ዋጋው ሲወድቅ ሁሉ ነገር አልወደቀም። የዕዳው መዝገብ ተመልሶ አልተከፈተም። በእርሱ ዘመን የተቋቋሙት የሠራተኛ ማኅበራትም ከእርሱ በኋላ በረቱ። አንድ የገበያ ታሪክ ጸሐፊ ይህን ሲመዝን ሚዛኑ ትንሽ ያንሰዋል።

የመጨረሻው ክፍል ወዳጆቹ ቶሎ የሚያልፉት ነው። አልቫራዶ የዩካታን ተወላጅ ስላልነበረ በምርጫ ገዢ ሊሆን አልቻለም፤ በ1918 አገሩን ለቀቀ። በሜክሲኮ ከተማ ጋዜጣ መሠረተ፤ በ1920ም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በዩካታን የእርሱን ሥራ የወረሰው በመሬት ጕዳይ ያገለግለው የነበረው፥ የማያን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻው የሚናገረው ፌሊፔ ካሪዮ ፑዌርቶ ነው። ካሪዮ ከ1922 ጀምሮ ገዢ ሆኖ አልቫራዶ ያልደፈረውን የመሬት ክፍያ ደፈረ። በታኅሣሥ 1923 በፕሬዚዳንት ኦብሬጎን ላይ የጦር አመፅ ሲነሣ አልቫራዶ ከአመፀኞቹ ጋር ተሰለፈ። የዚሁ አመፅ ወታደሮች ካሪዮ ፑዌርቶን ይዘው ጥር 3 ቀን 1924 ከሦስት ወንድሞቹና ከባልንጀሮቹ ጋር በሜሪዳ መቃብር ስፍራ ረሸኑት። አልቫራዶ በዚያ ስፍራ አልነበረም፥ ትእዛዙም የእርሱ አልነበረም። ግን በሃላቾ ደርሶ ምርኮኞቹን ያተረፈ ሰው፥ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደቀ መዝሙሩን ከገደሉት ጋር በአንድ ሰንደቅ ሥር መገኘቱ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። በሰኔ ወር 1924 እርሱም ሲሸሽ በቺያፓስ ጫካ፥ ከቴኖሲኬ ወደ ፓሌንኬ በሚወስደው መንገድ ላይ ተገደለ፤ ዕድሜው 43 ነበር። የሕይወቱን ታሪክ በ1918 የሚያቆም ጸሐፊ ለጀግናው አዝኖ ሊሆን ይችላል፤ አንባቢውን ግን ከእውነተኛው ሐዘን ይከለክለዋል።

ነህምያ መጽሐፉን የሚፈጽመው እግዚአብሔር በመልካም እንዲያስበው በመለመን ነው። የሠራውን ቈጥሮ ሲያበቃ ሚዛኑን ለሌላ ይተዋል። አልቫራዶ በመጽሐፉ ያንን ሚዛን ራሱ ይዞታል፤ ለዚህ ነው ሕጎቹን በቈጠረ ቍጥር ድምፁ እየጠነከረ እንጂ እየለዘበ የማይሄደው። ይህን ስንል መጽሐፉ አይነበብ ማለታችን አይደለም። ስለ ሠራተኛው አገልጋይነት የጻፈው ክፍል፥ በተለይ ደግሞ በሶኖራ ያደገ ሰው በዩካታን ያኪዎችን ማግኘቱን አስቦ ለሚያነብ ሰው፥ ከባድና እውነተኛ ነው። የእኛ ወጣት ጸሐፊዎች ስለ አገራችን ሹማምንት ሕይወት ሲጽፉ ይህንና የነህምያን መጽሐፍ ጐን ለጐን አድርገው ቢያነቡ እንወዳለን።

በሜሪዳ ካቴድራል ዛሬ በተቃጠለው ፈንታ የተቀረጸ ሌላ ‹የቍስሉ ክርስቶስ› ይገኛል። በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር ወራት በዓሉ ሲከበር፥ የየሙያው የሠራተኛ ማኅበራት እያንዳንዳቸው በተራቸው የማኅበራቸውን ዓላማ ይዘው፥ ርችት እየተኰሱ ወደ ካቴድራሉ ይገባሉ።